ወንድሜ ለልጄ ያመጣላት የዘንዶ ብር እውነተኛ ነው ወይስ ተሸውዶ ነው?

የሳቢያኗ፦

ሰላም ናችሁ የድሬና የሐረር ልጆች። አንድ ነገር ላማክራችሁ ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ነጋዴ ነበር። ጓንግዡ እየሄደ ዕቃ ያመጣና ታይዋን ላሉ ሱቆች ያከፋፍል ነበር (ታይዋን ስል እዚሁ ድሬ ያለውን ገበያ ነው)። ልጄ የተወለደችው በ2004 ዓ.ም. በከተራ ዕለት ነው። ታቦት ሲወርድ እኔ ምጥ ላይ ነበርኩ። እሱ ያኔ መንገድ ላይ ነበር። ሲመለስ በክብ ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ያለች አንዲት የብር ሳንቲም ይዞ መጣና ትራሷ ሥር አደረገላት። «ዘንድሮ የዘንዶ ዓመት ነው፣ ቻይናዎቹ ከዚህ የሚበልጥ ዓመት የለም ይላሉ፣ ስታድግ ስጫት» አለኝ። እኔም ከወርቄ ጋር ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፌባት ኖርኩ።

ልጅቱ አሁን 14 ዓመት ሞልቷታል። ልሰጣት ብዬ አወጣኋትና ጣጣው ተጀመረ።

መጀመሪያ አንድ ወርቅ ቤት ወሰድኳት። ስሙን አልጠራም። ሰውየው አገላብጦ አየና «ቅብ ነው፣ ወንድምሽ ተሸውዷል» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በግራም ልግዛሽ አለ። ቅብ ከሆነ ለምን ይገዛል? አሲድ ጠብ አድርጌ ልፈትናት ሲል ከእጁ ተቀብዬ ወጣሁ። ግን ቃሉ ውስጤ ቀረ፣ እውነት ለመናገር ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እናቴ ደግሞ «ጊዮርጊስ የወጋውን አውሬ ለልጅ ስጦታ ብለሽ ልትሰጪ ነው?» ብላ ተቆጣች።

ሌላው፣ ጠርዟ ላይ ቢጫ ነገር ጀምሯታል። ሜዳው ላይ ደግሞ ወተት የተረጨ የሚመስሉ ሁለት ነጠብጣቦች አሉ። ልወልውላት?

በአንድ ጎኗ የንግሥት ኤልሳቤጥ ራስ፣ አውስትራሊያ፣ 2012፣ 1 አውንስ 999 ሲልቨር፣ 1 ዶላር የሚል አለ። በሌላው ዘንዶውና አንድ የቻይና ፊደል፣ በእንግሊዝኛም «የዘንዶ ዓመት» ይላል። ከአንድ ብር ሳንቲማችን በጣም ትሰፋለች። መሸጥ አልፈልግም። ማወቅ የምፈልገው ወንድሜ ተታሎ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ብቻ ነው።


ሚዛን፦

እህቴ፣ ወንድምሽን ነፍሱን ይማር። እኔ ከዚራ ወርቅና ብር ስመዝን 11 ዓመቴ ነው። በዓይን አይቶ «ቅብ ነው» የሚል ሰው ሙያውን አያውቅም፣ ወይም ሌላ ሐሳብ አለው።

ያልሽው ሳንቲም የፐርዝ ሚንት ይመስላል። በምዕራብ አውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ያለ፣ ከ1899 ጀምሮ የሚሠራ የሳንቲም ማምረቻ ነው (ዓመቶቹን የምነግርሽ በፈረንጆቹ ነው)። በቻይና ዘመን አቆጣጠር ያሉትን 12 እንስሳት በየዓመቱ አንድ አንድ እያደረገ በብር ያወጣል። አይጥ፣ በሬ፣ ነብር፣ ጥንቸል፣ ዘንዶ፣ እባብ፣ ፈረስ፣ ፍየል፣ ዝንጀሮ፣ አውራ ዶሮ፣ ውሻ፣ አሳማ። የብሩ የመጀመሪያ ዙር በ1999 በጥንቸል ጀመረ። ሁለተኛው ከ2008 እስከ 2019 ሄደ፣ ያንቺዋ ከዚህ ናት። ሦስተኛው በ2020 ጀምሮ አሁንም እየወጣ ነው።

አሁን ወደ ፈተናው። ሁለተኛው ዙር ሰፋ ብሎ የተሠራ ነው፣ የአንድ አውንሱ ስፋት 45.6 ሚሊ ሜትር ነው። ክብደቱ 31.1 ግራም። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ላይ ማስመሰል ከባድ ነው። ለምን? ብር ከመዳብም ከነሐስም ይከብዳል። በትክክል ይቺን የምታህል የመዳብ ሳንቲም ብር ቢቀቧት 26.6 ግራም አካባቢ ነው የምትመዝነው። አታላዩ ክብደቱን ላምጣ ካለ ማወፈር አለበት፣ ሲያወፍር ደግሞ ካፕሱሉ፣ ያ ክብ ፕላስቲክ፣ አይዘጋለትም።

እርግጠኛ መሆን ከፈለግሽ የውሃውን ሥሪ። እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ የወርቅ ሚዛን ያስፈልግሻል። ብርጭቆ ውሃ ሚዛኑ ላይ አድርገሽ ዜሮ አድርጊው። ሳንቲሟን በቀጭን ክር አስረሽ ውሃው ውስጥ አንጠልጥያት። ሙሉ በሙሉ ትጥለቅ፣ ግን ታቹንም ጎኑንም እንዳትነካ። ሚዛኑ የሚያሳይሽ ቁጥር ሳንቲሟ የገፋችው ውሃ ክብደት ነው። 31.1ን ለሱ አካፍይ። ብር ከሆነ 10.49 አካባቢ ይመጣል፣ ማለትም ሚዛኑ ላይ 2.97 ገደማ ታያለሽ። መዳብ ከሆነ 3.47 ገደማ፣ ነሐስ ከሆነ ከዚያም በላይ ይላል። ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነው።

አደራ፣ የቧንቧ ውሃ እንዳትጠቀሚ። የድሬ ውሃ ኖራው ብዙ ነው፣ ማንቆርቆሪያሽን እይው። ጋራዥ የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ ግዢ።

ስለ በረዶውም ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው ሳንቲሙ ላይ በረዶ አስቀምጦ ቶሎ ከቀለጠ ብር ነው ይላል። ብር ሙቀት ያስተላልፋል፣ እውነት ነው። ግን መዳብም ከሱ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ቅብ መዳብን አይለይልሽም።


ፈረስ መጋላ፦

እኔ ከሚዛን ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ውሃ ውስጥ መክተት ምን ያደርጋል? ክብደቱና ስፋቱ ከገጠመ ይበቃል። ካፕሱል በተከፈተ ቁጥር የጣት ላብ አለ፣ አቧራ አለ፣ መጣል አለ።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ሐረር ፈረስ መጋላ ነው ያደግኩት፣ ፈረስ ያለበት ነገር ስለምወድ ዘመድ ከዱባይ የ2014ቱን የፈረስ ዓመት ብር ላከልኝ። ያንቺው ዙር ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላው ጠቆረብኝ። እኔ እናቴ ጌጧን ስታጸዳ ያየሁትን በአመድና በሎሚ ፈተግሁት። ብልጭ አለ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ መስኮት አጠገብ ዘንበል ሳደርገው ፈረሱ ዙሪያ ያለው ሜዳ በሙሉ በክብ በክብ ተጭሯል፣ የጋማው ቀጫጭን መስመሮችም ደብዝዘዋል። ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ወዝ በአምስት ደቂቃ ሄደ። ያ ወዝ አይመለስም። በኋላ አንድ ሰብሳቢ አይቶት «ይሄ የተወለወለ ነው፣ በብሩ ክብደት ካልሆነ አልወስደውም» አለኝ። ልክ ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ አትወልውያት። በአመድም፣ በሎሚም፣ በጥርስ ሳሙናም፣ በጨርቅም። ቢጫው ነገር ብር ከአየር ድኝ ሲያገኝ የሚያመጣው ነው፣ በሽታ አይደለም። እንዲያውም አንዳንድ ሰብሳቢ እሱን ፈልጎ ይገዛል። ወተት የመሰለው ነጠብጣብ ደግሞ አዲስ የብር ሳንቲም ላይ የተለመደ ነው፣ ሲሠራ ከታጠበበት ኬሚካል የቀረ ነው ይባላል። አይለቅም። ብትፈትጊው ነጠብጣቡ ይቀርና ጭረት ይጨመርልሻል።

ከያዝሻት ጠርዟን ብቻ ያዢ። ከሥር ትራስ ወይም ፎጣ አንጥፊ። ካፕሱሏ ደህና ከሆነች ሌላ ነገር አያስፈልግም። ጋዜጣ አትጠቅልዪባት፣ ላስቲክ አትሰሪባት፣ አዲስ ሲሆን የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ አትክተቻት፣ አረንጓዴ ነገር ያወጣባታል። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አጠገቧ አድርጊ። በቃ።


ጋሽ ጁገል፦

ልጄ፣ የወንድምሽ ነገር ልቤን ነካው። የሚዛኑን ነገር ልጆቹ ነግረውሻል፣ እኔ የማውቀውን ልጨምር።

የኛ ሰው ብር መፈተን ከማንም አልተማረም። አያቴ ጁገል ውስጥ ቅቤና ጨው ትሸጥ ነበር። ማርትሬዛ፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበትን ጠገራ ብር፣ ሲሰጧት አንድ በአንድ ታየው ነበር። መጀመሪያ ድንጋይ ላይ ጣል አድርጋ ድምፁን ትሰማለች። ቀጥሎ የሴትየዋን ደረት ታያለች፣ ጌጧ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች በጥፍሯ ጫፍ እየነካች ትቆጥራለች፣ ዘጠኝ መሆን አለባቸው። የተፋቀ ከሆነ ትመልሳለች። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉም ላይ 1780 ነው፣ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት። ከዚያ በኋላ ቪየናም፣ ሮምም፣ ለንደንም፣ ቦምቤይም ሲመቱት ያንን ዓመት አልቀየሩም፣ የኛና የዓረብ ነጋዴ ሌላ አልቀበልም ስላለ። ክብደቱ 28 ግራም ነው፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር። ገንዘባችንን ዛሬም «ብር» የምንለው ከዚያው ማዕድን የተነሣ ነው። ያንቺዋ ከሺህ 999 ናት፣ ከጠገራው የበለጠች ንጹሕ።

ሐረርም ድሮ በአሚሮቹ ዘመን የራሷን መሐለቅ ትመታ ነበር። ጊዜ ካለሽ ልጅቱን ይዘሽ ነዪ፣ ተፈሪ ቤት ያለው የሸሪፍ ሙዚየም ውስጥ የድሮ ሳንቲሞች አሉ፣ ታያቸው።

አያቴ ካጠራቀመችው ጠገራ አብዛኛው ቀልጦ አምባርና የአንገት ጌጥ ሆኗል፣ እንደ ሁሉም ሰው። ጌጡ ያምራል፣ አልክድም። ግን ከቀለጡት መካከል የትኛው ከማን እጅ እንደመጣ የሚናገር የለም። አንቺ በግራም እንዳትሸጫት የምልሽ ለዚህ ነው። በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. የአንድ አውንስ ብር ዋጋ በዓለም ገበያ ከ50 ዶላር አልፏል፣ ግራም ጠያቂው የበዛው ከዚያ ወዲህ ነው።

ለእናትሽ ደግሞ ይህን ንገሪልኝ። የቻይናው ዘንዶ ጊዮርጊስ የወጋው አይደለም። ክንፍ የለውም፣ ሰው አይበላም፣ ውሃና ደመና ውስጥ የሚኖር፣ ዝናብ የሚያመጣ ነው የሚሉት፣ የንጉሦቻቸውም ምልክት ነው። በአማርኛ ሌላ ቃል ስላጣንለት ነው ዘንዶ ያልነው። አሁን ልጆቹ «ድራጎን» ይሉታል፣ ምናልባት ለእሳቸው እሱ ይሻላል።


ባሕረ ሐሳብ፦

ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አንድ ነገር ልናገር ወይስ ልተወው ብዬ ብዙ አሰብኩ። ግን ለልጅቱ የሚሰጥ ከሆነ ብታውቂው ይሻላል።

የቻይና ዓመት መስከረም 1 አይገባም፣ ጃንዋሪ 1ም አይገባም። በጨረቃ ስለሚቆጠር ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ባለው ጊዜ ይዘዋወራል። በ2012 የዘንዶው ዓመት የገባው ጃንዋሪ 23 ነው። በኛ ጥር 14 ቀን 2004 ዓ.ም. ማለት ነው። ከተራ ጥር 10 ነው። ልጅሽ የተወለደችው በነሱ ዓመት ማብቂያ ላይ ነው፣ አራት ቀን ሲቀረው። ስለዚህ በቻይናዎቹ ቆጠራ ልጅሽ ጥንቸል ናት።

ወንድምሽ አላጠፋም። ሳንቲሙ ላይ የተጻፈው 2012 ነው፣ እሷም የተወለደችው በ2012 ነው። ብዙ ሰው እንዲሁ ነው የሚሳሳተው፣ ጥር ላይ የተወለደ ሁሉ መጠንቀቅ አለበት። ከዚህ ወዲህ ለሚጠይቅ፣ የ2026ቱ የፈረስ ዓመት የገባው በኛ የካቲት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ጥር ላይ የተወለደ ሕፃን የእባብ ዓመት ነው።

በኛ ቆጠራ ከሆነ ደግሞ የልደት ቀን ጭራሽ አይገባበትም። የልጅቱን ስምና የእናቷን ስም ፊደላት በቁጥራቸው ደምረሽ በ12 ትገድፊያለሽ (አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እያልሽ ትቀንሻለሽ)፣ የቀረው ቁጥር ኮከቧ ነው። ሐመል፣ ሠውር፣ ጀውዛ እያልሽ እስከ ሑት ትቆጥሪያለሽ። እኔ በዕጣ ፈንታ ነገር አላምንበትም፣ ስሌቱን ግን ከአጎቴ የተማርኩት ስለሆነ እወደዋለሁ።


ከፊራ፦

ባሕረ ሐሳብ፣ እነዚህ ስሞች እኮ ዓረብኛ ናቸው። ሐመል ጠቦት፣ ሠውር በሬ፣ አሰድ አንበሳ፣ ሚዛን ያው ሚዛን፣ አቅራብ ጊንጥ፣ ሑት ዓሣ። እኛ ቤት ትርጉማቸውን ልጅም ያውቀዋል። በነሱ የተሠራ የብር ሳንቲም አለ?


ሚዛን፦

ከፊራ፣ አዎ አለ። የ12ቱን ኮከብ ምልክቶች የያዙ የብር ሳንቲሞች የተለያዩ አገሮች ስም ተጽፎባቸው ይወጣሉ። ብዙ ጊዜ አገሩ ስሙን ብቻ ይሰጣል፣ የሚመታው ሌላ ቦታ ነው። ጎረቤታችን ሶማሊያን እይው። «ሶማሊያ» የሚል ዝሆን ያለበት የአንድ አውንስ ብር በመላው ዓለም ይታወቃል፣ የሚመታው ግን ጀርመን ባቫሪያ ነው። ስትገዛ ቆንጆ ሥዕል ብቻ አትይ፣ ክብደቱና ንጽሕናው ሳንቲሙ ላይ ተጽፎ እንደሆነ እይ። ብር የተቀባ መዳብም «የመታሰቢያ ሳንቲም» ተብሎ ይሸጣል። ካልተጻፈ ተወው።

ፈረስ መጋላ፣ አንተ ያልከው ለሚሸጥ ሰው ልክ ነው። እሷ ግን ዋጋ አልጠየቀችም። አንድ ሰው ወንድሟን ተሸውዷል ብሏታል። ይህን ከልቧ የሚያወጣላት የመጨረሻው ፈተና ነው። ንጹሕ ውሃ ሁለት ደቂቃ ብር አይጎዳም፣ ሲወጣ ሳይፈተግ በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርጎ ማድረቅ ነው።


ፈረስ መጋላ፦

እሺ አቦ፣ እሱን ስትለው ገባኝ። ጥፍሯን ትቁረጥ፣ እጇን ትታጠብ፣ ክሩ ሳንቲሟ ላይ እንዳይንሸራተት ሁለት ጊዜ በመስቀል ትሰር።


የሳቢያኗ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እርስዎንም፣ ያሉትን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ዝናብ ካመጣ ጥሩ ነው» ብላ ቡናዋን ቀዳች። ከዚያ ወዲህ አልተናገረችም።

ሠራሁት። ሰፈራችን ብረታ ብረት የሚሠራ ልጅ አለ፣ በካሊፐሩ ለካልኝ፣ 45.6 አለ። ሚዛኑን ከአንድ የማውቀው ወርቅ ሠሪ ተዋስኩ። 31.12 ግራም። ከዚያ የባትሪ ውሃውን በሻይ ብርጭቆ አደረግሁና ልጄን ጠራኋት። እኔ እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ክሩን እሷ ያዘች። መጀመሪያ ጎኑን ነካችና ቁጥሩ ዘለለ። አወጣቻት፣ ትንፋሿን ይዛ ደግማ አወረደቻት። ሚዛኑ ትንሽ ከፍና ዝቅ አለና 2.97 ላይ ቆመ። አካፈልኩት፣ 10.48 መጣ።

ማልቀሴን አልደብቃችሁም። ልጄ ደግሞ ምን ሆንሽ ትለኛለች። ያን ጊዜ ነው ሙሉውን ታሪክ የነገርኳት፣ ወርቅ ቤት ያለው ሰው ያለኝንም ጭምር።

የአራቱን ቀን ነገርም ነገርኳት። ባሕረ ሐሳብ፣ ስለነገርከኝ አልተቀየምኩም፣ ጥሩ አደረግህ። ጥንቸል ነሽ፣ ከፈለግሽ የ2011ዱን የጥንቸል ብር አፈላልጌ አመጣልሻለሁ አልኳት። ትንሽ አሰበችና «አጎቴ ዘንዶ ነች ካለ ዘንዶ ነኝ» አለች። ካፕሱሏን ራሷ ዘጋች። የጫማ ካርቶኗንም ከረጢቷን ፍለጋ እሷው ናት የበረበረችው።

ፈረስ መጋላ፣ አልወለወልናትም። ቢጫው እንዳለ ነው።